ገበያነሽ የወለወለችው ድንጋይ

ገበያነሽ መቀመጥ አትወድም። ከፉሪ ወደ ሀይሌ ጋርመንት በሚሄደው ታክሲ ወንበር ስታገኝ እንኳ የመስኮቱን አቧራ በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች፣ ሾፌሩን እያጣደፈች፣ ከፊቷ የተቀመጠውን የማታውቀውን ሰው ኮሌታ እያስተካከለች ነው የምትደርሰው። ቤተ ክርስቲያን ስብከቱ ረዘም ካለ አግዳሚውን በመዳፏ ታሻለች። ከዚያ ረድፍ የእሷ ቦታ ብቻውን ያብለጨልጫል እያሉ ይቀልዱባታል፤ ሄዶ ያየ ሰው ግን ቀልድ እንዳልሆነ ያውቃል። «ኧረ ተረጋጊ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲሏት፣ «እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ እኔ ደርሼ እመለሳለሁ» ነው መልሷ።

ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት እግዜር የሚስማማ ሥራ ሰጣት። ለቡ መግቢያ ላይ ካለ አንድ የእምነበረድ መቁረጫ ቤት ወልዋይ ናት። ከድንጋይ ካባ ተፈንቅሎ የመጣው እምነበረድ በመጋዝ ተሰንጥቆ እሷ ፊት ሲደርስ እንደ ላም ምላስ ሻካራ ነው። ግራይንደሯን ታነሳና በሻካራው ዲስክ ትጀምራለች፤ ውኃ እያፈሰሰች ወደ ለስላሳው ትወርዳለች፤ ጠርዙን በእጇ በብርጭቆ ወረቀት ትጨርሰዋለች። የቤቱ ኃላፊ ሕዝቅኤል ደንበኛ ሲመጣ እሷ የጨረሰችው ጠረጴዛ ጋ ይወስድና «ጎንበስ ብለህ ፀጉርህን አበጥር» ይለዋል። ሰውየው ጎንበስ ይላል፣ ፊቱን ያያል፣ ይስቃል፣ ያዛል። ገበያነሽም ያልሰማች መስላ ሌላ ድንጋይ ላይ ታቀረቅራለች፤ ልቧ ግን በኩራት ያብጣል።

ሻካራ ነገር ስታይ እጇን ይበላታል። የጎረቤት ምጣድ፣ የበር እጀታ፣ የልጆቿ ጫማ፣ ምንም አይቀራትም። ልጆቿ አድገው ከቤት ሲወጡ አንደኛው «ተፈትጌ ከማለቄ በፊት ብወጣ ይሻላል» ብሏል ይባላል። በዚያ ሁሉ ዘመን ከእጇ ያመለጠ አንድ ነገር ቢኖር የባሏ የነገሪ ድንጋይ ነው።

ነገሪ የወለጋ ሰው ነው። ጉልበት በነበረው ጊዜ በእምነበረድ ካባ ውስጥ መሰርሰሪያ ይዞ ኖረ፤ ዓለቱን ይበሳል፣ ሽብልቅ ይመታል፣ ቤት የሚያክለውን ድንጋይ ከተራራው ይነጥላል። ከገበያነሽ ጋር የተዋወቁትም ድንጋይ አጅቦ ለቡ በመጣ ጊዜ ነው። ከመኪናው ከወረዱት ድንጋዮች አንዱ ጎኑ ላይ ቡናማና አረንጓዴ ተለቅልቆበት ኖሮ የመቁረጫ ቤቱ ሰዎች አንቀበልም አሉ። በሙያው እንዲህ ያለውን «የተቃጠለ» ይሉታል። መጋዙን ያደነዝዛል፣ ነጩን ያበላሻል፣ ስለዚህ ይጣላል። ነገሪ ግን መኪናው ላይ ቆሞ፣ «የተራራውን ጌጥ ነው የምትጥሉት!» እያለ ይሟገት ነበር። ገበያነሽ ከሥር ቀና ብላ አየችውና «ጌጥ ከሆነ አንገትህ ላይ አስረው» አለችው። በዓመቱ ተጋቡ።

ነገሪ ስለ ተቃጠለው ድንጋይ ሲናገር አይደክመውም። ካባውን ሊያጠኑ የሚመጡ ባለሙያዎች የነገሩትንና በራሱ ዓይን ያየውን አዋህዶ እንዲህ ይል ነበር። እምነበረዱ መጀመሪያ ባሕር ሥር የተከማቸ ኖራ ነው። ዘመን ቆጥሮ ከታች የቀለጠ ዓለት እየገፋ መጣ። የቀለጠው ሲበርድ ግራናይት ሆነ፤ ሳይበርድ በፊት ግን ከሆዱ የወጣው የፈላ ውኃ ብረትና ሌላም ሌላም ተሸክሞ በስንጥቁ ሾልኮ ኖራው ውስጥ ገባ። ኖራው የራሱን ሰጠ፣ ውኃውም የያዘውን ሰጠ፣ ከሁለቱ መሀል ኖራም ግራናይትም ያልሆነ ሌላ ድንጋይ ተወለደ። «እንደኔና እንዳንቺ ነው» ይላታል። «አንቺ ከሆሳዕና፣ እኔ ከወለጋ። የተገናኘንበት ቦታ ሁልጊዜ እንደተቃጠለ ነው።»

ከዚያ ከተቃጠለው ቦታ አንድ ድንጋይ ለራሱ አስቀረ። የሙልሙል ዳቦ ያክላል። ጀርባው ካልሳይት የሚሉት ነጭ የኖራ ማዕድን ነው፤ ፊቱን ግን ጋርኔት የሚባለው ማዕድን ሞልቶታል። ጥቁር ቀይ፣ ባለ ብዙ ማዕዘን፣ እያንዳንዱ ፍሬ በቢላ የተጠረበ የሚመስል። ማንም ግን አልጠረበውም። ነገሪ በዚህ ነበር የሚገረመው፤ «ጨለማ ውስጥ፣ ማንም ሳያየው፣ ማዕዘኑን ሳይስት አደገ» ይል ነበር።

ከዚያ ዓይኑ ደከመ። የካባው አቧራ መስሎት ዝም አለ፣ በውኃ ይታጠበዋል፣ ይተወዋል። ሐኪም ጋ ሲደርስ ግላኮማ ነው አሉት፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን እናቆይልህ። የቀረውም አልቆየም። አሁን ፉሪ ባለችው ቤታቸው፣ መስኮቱ አጠገብ፣ የክንድ መደገፊያው በወላለቀ ወንበር ላይ ይውላል። ድንጋዩ መስኮቱ ላይ ነው፤ እጁን ዘርጋ ሲያደርግ ያገኘዋል። ጭኑ ላይ ያስቀምጥና በጣቱ ይዞረዋል። ፍሬዎቹን እያንዳንዳቸውን ያውቃቸዋል። ትልቁን «አለቃ» ይለዋል፣ ከአለቃው ሥር አንገቱን የደፋው «ወጥ ሠሪው» ነው፣ ጎን ለጎን የተለጠፉት ሁለቱ «ባልና ሚስት» ናቸው። አውራ ጣቱ በሹሉ ጠርዝ ላይ ሲሄድ ፊቱ ይበራል። ያን ጊዜ ካባው ላይ ነው፤ ፀሐዩ፣ መዶሻው፣ ጓደኞቹ፣ ሁሉም አሉ። ገበያነሽ ይህን ታውቃለች። ስለምታውቅም ነው ድንጋዩን ሳትነካ የኖረችው።

እሷን የሚያንገበግባት ሌላ ነገር ነው። ሊጠይቁት የሚመጡ ሰዎች እሱን አይጠይቁትም። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይመጣሉ፣ ይጸልያሉ፣ ከዚያ ወደ እሷ ዞረው «ነገሪ እንዴት ነው? ምግብ ይበላል?» ይላሉ። እሱ እዚያው ተቀምጦ! «ዓይኑ እንጂ ጆሮው አልታመመም፤ ራሱን ጠይቁት እንጂ!» ብላ አንድ ሽማግሌ ላይ ጮኻ ታውቃለች። ነገሪ ሳቀ። እሷ ግን ማታውን ሁሉ ስትንገበገብ አመሸች።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ሚካል የምትባል ወጣት ሴት ለእናቷ ወጥ ቤት የሚሆን እምነበረድ ልታዝ ለቡ መጣች። ነጩን አየች፣ ግራጫውን አየች፣ ከዚያ የውኃው በርሜል ሥር እንዳይወላገድ የተሸጎጠውን የተቃጠለ ቁራጭ ስታይ ቁጢጥ አለች። ከቦርሳዋ ትንሽ ማጉሊያ መነፅር አውጥታ ዓይኗ ላይ ደገነች።

«ይሄ ከየት መጣ?» አለች።

«ተይው ልጄ፣ የተቃጠለ ነው። እጅሽን ያቆሽሽብሻል» አለቻት ገበያነሽ።

«ስካርን የሚባለው ድንጋይ እኮ ነው! እኔ ጂኦሎጂስት ነኝ። ይሄንን በዓለም ዙሪያ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። እኛም ለአንድ ትንሽ ዐውደ ርዕይ ከአገር ውስጥ የተገኘ እየፈለግን ነው።»

ገበያነሽ ግራይንደሯን አጠፋች። «ባለቤቴ ዘንድ ከዚህ የሚበልጥ አለ። ራሱ ነው ከተራራው ያወጣው።»

«እሳቸውን ባገኛቸው ደስ ይለኛል» አለች ሚካል። «ድንጋዩን ብቻ አይደለም። ግራናይቱ በየት በኩል እንደነበረ፣ እምነበረዱ ከየት እንደሚጀምር፣ ያን ሁሉ ከእሳቸው መስማት እፈልጋለሁ። ቅዳሜ ልምጣ?»

ከእሳቸው መስማት እፈልጋለሁ! ገበያነሽ ይህን ስትሰማ ልቧ ዘለለ። የተማረች ሴት፣ ከነመነፅሯ፣ ነገሪን ልትጠይቅ ነው። «ነይ ልጄ፣ ነይ፣ ቤቱ ያንቺ ነው» አለችና አቅጣጫውን ነገረቻት፤ ስልኳን ሰጠቻት፤ ደግማ አቅጣጫውን ነገረቻት።

የዚያ ሳምንት ነገር አይወራ። ግድግዳው ኖራ ተቀባ፣ መጋረጃው ታጠበ፣ የአልጋው እግር ሳይቀር ተፈተገ። ነገሪን ወንበሩ ላይ እንዳለ እየዞረች የምታስነሳው አቧራ ሲያስነጥሰው ሰነበተ። «የምትመጣው እንግዳ ናት ወይስ ሙሽራ?» ይላታል። እሱም ግን ደስ ብሎታል። የሚናገረውን ሲለማመድ ሰምታዋለች፤ ብቻውን ሆኖ «ግራናይቱ በምሥራቅ በኩል ነው…» እያለ።

ዓርብ ጧት ጡረተኛው ሾፌር ቀጄላ መጥቶ ነገሪን በክንዱ ይዞ የጸሎት ፕሮግራም ወሰደው። ዓርብ ዓርብ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ገበያነሽ ወደ ሥራ ልትወጣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ቤቱን ለመጨረሻ ጊዜ ቃኘችው። ሁሉም ያበራል። መስኮቱ ላይ ያለው ድንጋይ ብቻ ከመኪና የወደቀ ይመስላል። በፍሬዎቹ መሀል የነገሪ እጅ ቅባት ከአቧራ ጋር ተጋግሮ ጠቁሯል። እንግዳዋ የምትመጣው ለዚህ ነው፤ የበዓሉ ባለቤት ፊቱን ሳይታጠብ ሊቀርብ! በብሩሽ አጠበችው። አልበቃትም። ጨረቃ ላይ ያለ ሰው እንኳ የሚያየው ነጥብ ያለበት መሰላት። ጫፍ ጫፉን ብቻ ባበራው ምን ይለኛል አለች። በፎጣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የገበያነሽ ግን መልቀሚያ የሌለው ነው።

የምሳ ሰዓት ደርሶ ሌሎቹ ሲበሉ ድንጋዩን ማሰሪያው ላይ አጠበቀችው። መጀመሪያ የአለቃውን ጫፍ ብቻ ነካች። ድንጋዩ እንደ እምነበረድ አይደለም፤ ጠንካራ ነው፣ ዲስኩን ይገፋል። ይህ ሌላውን ሰው ያስቆም ይሆናል። ገበያነሽን ግን እልህ አስያዛት። ሌላ ዲስክ ቀየረች፣ ግራናይት የሚበላውን። አለቃው ጠፍጣፋ ሆነ፤ ሆኖም ጎረቤቱ ከፍ ብሎ ቀረ። በእምነበረድ ሰው ዓይን እኩል ያልሆነ ነገር ያላለቀ ነገር ነው። ጎረቤቱን አወረደችው። ከዚያ የዚያን ጎረቤት። ውኃው ቀይ ቡናማ እየሆነ እግሯ ሥር ወረደ። ወደ ለስላሳው ዲስክ፣ ከዚያ ወደ ጨርቁ ስትደርስ ድንጋዩ በብርጭቆ ያለ ሻይ መሰለ፤ ብርሃን እውስጡ ይገባና ተመልሶ ይወጣል። በሕይወቷ ከወለወለችው ሁሉ እንዲህ ያማረ የለም።

ሠራተኞቹ እንጀራቸውን በእጃቸው ይዘው ተሰበሰቡ። ሕዝቅኤል አፉን ይዞ ቆመ። «ይሄ እኮ ለቤተ መንግሥት ነው!» አለ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጎ «ነገሪ ያውቃል?» ብሎ ጠየቃት።

«ሰርፕራይዝ ነው» አለች፤ ፎጣዋን እያጠፈች።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ነገሪ ከጸሎት ተመልሶ ወንበሩ ላይ ነው፤ እጁ መስኮቱን ይዳብሳል።

«ገበያነሽ፣ ድንጋዬ የት ገባ? ወደቀ እንዴ?»

«አልወደቀም። እጅህን ዘርጋ። ሁለቱንም» አለችና መዳፉ ላይ አኖረችለት። ፊቱን ለማየት ፊት ለፊቱ ቆመች፤ እንደ ልጅ እየተቁነጠነጠች።

ነገሪ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ቆመ። ገለበጠው። ጀርባውን ዳሰሰ፣ እንደገና መለሰው። ጣቶቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱ፤ የሚይዛቸው ነገር አጥተው እየተንሸራተቱ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ያንተው ነው እንጂ! ወልውዬልህ ነው፣ ለነገ። ብታየው…» አለችና ምላሷን ነከሰች።

«አለቃውስ?» አለ። ጣቱ አሁንም ይፈልጋል። «ባልና ሚስቱስ?»

ያን ጊዜ ነው የገባት። የሠራችውን አሁን ነው ያየችው፤ በእሱ ጣት። ወደ ኋላ ሄዳ የበሩን መቃን ያዘች። «ነገሪዬ፣ እኔ… እንግዳ ፊት እንዲያምር ብዬ…»

«ዓይኔን ግላኮማ ወሰደው» አለ ነገሪ፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «የቀረኝን አንቺ ወሰድሽው።»

ድንጋዩን ወለሉ ላይ አኖረና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ገበያነሽ የታጠበውን ሰሃን ደግማ አጠበች። የተጠረገውን ጠረገች። ቢጮህባት፣ ቢሳደብ፣ የሆነ ነገር ቢወረውር ትወድ ነበር። እሱ ግን እራት እንኳ አልበላም። ቢመታኝ ይሻላል ብላ አሰበች፤ ነገሪ ደግሞ ሰው መትቶ አያውቅም።

ቅዳሜ ሚካል ሙዝ በላስቲክ ይዛ መጣች። ገበያነሽ ደውላ አትምጪ ልትላት አስባ ነበር፤ ምን ብላ እንደምትል ጠፍቷት ተወችው። ነገሪ ሰላምታውን ብቻ መለሰ። ሚካል ድንጋዩን ስታነሳ ገበያነሽ ፊቷን ታየው ነበር። ሐኪም ውጤት ሲያነብ እንዲህ ያለ ፊት አለ።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ» አለች ገበያነሽ።

ሚካል አንድ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እትዬ ገበያነሽ፣ አልዋሽዎትም። ለዐውደ ርዕዩ አይሆንም። የሚፈለገው ድንጋዩ ራሱ ያበቀለው ፊት ነው፤ ማዕዘኑ፣ ጠርዙ፣ እንዳለ። አንዴ ከተፋቀ በኋላ ያንን ማንም አይመልሰውም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ቁጣ አልነበረባትም፤ ይህም ለገበያነሽ የባሰ ሆነባት።

ከዚያ ሚካል ወደ ነገሪ ዞረች። ወደ እሱ፣ ወደ ገበያነሽ አይደለም። «ጋሽ ነገሪ፣ ይህን ሲያወጡት ከግራናይቱ ይቀርብ ነበር ወይስ ከእምነበረዱ?»

ነገሪ ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ።

«ከግራናይቱ» አለ። «ጥቁር ቀዩ ወደ ግራናይቱ ነው የሚበዛው። ወደ እምነበረዱ ስትሄጂ አረንጓዴው ይመጣል። ከዚያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ ነገር አለ፣ ስትነኪው ይሰባበራል። ከዚያ ወዲያ ነው ንጹሑ እምነበረድ የሚጀምረው።» እጁን ዘርግቶ አየር ላይ ካባውን ሠራው፤ እዚህ መንገዱ፣ እዚህ ገደሉ። ሚካል ትጠይቃለች፣ እሱ ይመልሳል፤ አንዴም «ቆይ ቆይ፣ ወደ ኋላ ልመልስሽ» አላት። ገበያነሽ የተመኘችው ይኸው ሆነ። በሩ አጠገብ ቆማ ሰማችው፤ እንባዋን በሻርፗ እየጠረገች። ወደ እሷ በኩል ግን አንድ ቃል አልወረወረም።

ልትሄድ ስትል ሚካል ድንጋዩን ገለበጠችው። «ጀርባው አልተነካም» አለች። «ይሄ ነጩ ካልሳይት መጨረሻ ላይ የመጣ ነው። ጋርኔቶቹ ክፍት ቦታ አግኝተው ካደጉ በኋላ ውኃው ሲቀዘቅዝ ክፍተቱን ሞላው። እንደ ሲሚንቶ ሸፍኗቸዋል ማለት ነው። ከሥሩ ፊታቸው ያልተነካ ሌሎች ሊኖሩ ይችላሉ።»

«አሉ?» አለች ገበያነሽ።

«አላውቅም። ባዶም ሊሆን ይችላል። ካልሳይቱን አሲድ ያሟሟዋል፣ ጋርኔቱን ግን አይነካውም። ቤተ ሙከራ ልወስደው እችላለሁ። ቤትም በአቼቶ ይሆናል፤ እሱ ግን ሳምንታት ይፈጃል። ጠንካራው አሲድ ፈጣን ነው፣ ግን ጋሽ ነገሪ ያሉትን ቀጭኑን ነጭ አብሮ ይበላዋል፤ ፍሬዎቹንም ሊያደበዝዛቸው ይችላል።»

«እኔ አደርገዋለሁ፤ በአቼቶ» አለች ገበያነሽ።

ነገሪ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ? ሽንኩርት እስኪበስል መች ጠብቀሽ ታውቂያለሽ?» አለና ትከሻውን ነቀነቀ። «እንደወደድሽ። ድንጋዩ አሁን ያንቺ ነው።»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ስትወጋት ሰነበተች።

የፕላስቲክ ሳፋ ገዛች። ድንጋዩን በተወለወለው ፊቱ ደፍታ አቼቶ ሞላችበት። ነጩ ላይ ጥቃቅን አረፋ መውጣት ጀመረ። ገበያነሽ ቆማ አየች፤ ወጣች፤ ተመልሳ አየች። ምንም የለም። በማግሥቱም ምንም የለም። ከሥራ ስትመለስ ከታክሲው ወርዳ ትሮጣለች፣ ሳፋው ላይ ታጎነብሳለች፤ ነጩ ያው ነጭ ነው። ልብሱን ታጥባለች፣ ትመለሳለች። ሰው ቆሎ ሲቆላ እንኳ ያማስላል፤ ይህ ግን የሚማሰል ነገር የለውም፣ የሚፈተግ የለውም፣ የሚገፋ የለውም። እንቅልፍ አጣች፤ እጆቿ ባዶ ቀርተው እርስ በርሳቸው ይፋተጉ ጀመር።

አንድ ሰኞ አላስቻላትም። መቁረጫ ቤቱ ውስጥ የሲሚንቶ ጠብታ የሚያጸዱበት አሲድ አለ። ከእሱ በባዶ ሃይላንድ ጠርሙስ ቀድታ ቤት አመጣች። ትንሽ ጠብ ባደርግበት፣ ትንሽ ብቻ፣ ላፋጥነው ብዬ እንጂ አለች ለራሷ። ሳፋው አጠገብ ተንበርክካ ክዳኑን ከፈተች።

«ምንድን ነው የሸተተኝ?» አለ ነገሪ ከወንበሩ።

«ምንም።»

አሲዱ አፍንጫዋን ያቃጥላታል። «ጫፍ ጫፉን ብቻ» ያለችው ያ ዓርብ ትዝ አላት፤ ያን ጊዜም እንዲሁ ነበር ያለችው። ጠርሙሱን ከሳፋው አራቀች።

«አሲድ ነው» አለች። «ከሥራ ቦታ ያመጣሁት። አላፈሰስኩትም። ልከድነው ነው።»

ክዳኑን አጥብቃ አዞረችና በማግሥቱ መልሳ ወሰደችው። ከሥራ ስትመለስ ነገሪ ወንበሩን ከመስኮቱ አንስቶ ሳፋው አጠገብ አስጠግቶ አገኘችው። ጆሮውን ወደ ታች ዘንበል አድርጎ ተቀምጧል።

«ደክሟል» አላት።

«ማን?»

«አቼቶው። ጧት ይንሿሿ ነበር፤ አሁን ድምፁ ጠፍቷል። ቀይሪው።»

ቀየረችው። እሱ እንዳለው ድንጋዩ እንደገና መንሿሿት ጀመረ፤ ለእሷ ጆሮ በጭንቅ ይሰማል፣ ለእሱ ግን ዝናብ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራው የሁለት ሰው ሆነ። እሱ ቀኑን ሙሉ ያዳምጣል፣ ማታ «ደክሟል» ወይም «ገና ነው» ይላታል፤ እሷ ትቀይራለች፣ በንጹሕ ውኃ ታለቀልቃለች። ሌላ ብዙ ወሬ አልነበራቸውም። ይቅርታ ብላዋለች፣ ደጋግማ ብላዋለች፤ እሱም «እሺ» ይላል። «እሺ» ግን ብዙ ዓይነት አለው፤ ይህኛው የተዘጋ በር ነው። ሰፈሩ በአቼቶ ሸተተ። ቀጄላ ዓርብ ሲመጣ «ቤታችሁ ሰላጣ ሆነ እንዴ?» እያለ ይገባል። ነጩ ዝቅ እያለ ሄደ፤ ከሥሩ ግን ሌላ ነጭ እንጂ ምንም አልታየም። ባዶም ሊሆን ይችላል ያለችው የሚካል ቃል ገበያነሽን ታክሲ ውስጥ፣ ግራይንደር ላይ፣ ጸሎት ላይ ተከተላት። እንዲያ ከሆነ ምን ብዬ ነው የምነግረው እያለች።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሥራ ቆመና ገና በብርሃን ቤቷ ገባች። ነገሪ እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ሳፋው ውስጥ ነክሮ አገኘችው። ሲነካው አይታ አታውቅም፤ ከዚያ ዓርብ ወዲህ ድንጋዩን በእጁ አልያዘውም። ባለችበት ቆመች። ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ አላወረደችም።

ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆሟል። ትንሽ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ይታጠፋል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይታጠፋል። ሕፃን ፊት ላይ እንደሚሄድ ጣት ቀስ ብሎ።

«ይቺን አላውቃትም» አለ።

«ማንን?»

«አዲስ ናት። ማንም ነክቷት አያውቅም።» ሌላ እጁን ወደ እሷ ዘረጋ። «ጫፏ ብቻ ነው የወጣው። ስለታም ናት። ነይ፣ ቁጭ በይ፣ ንኪያት።»

ገበያነሽ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እጇን ያዘና ሳፋው ውስጥ አስገባላት፤ ጣቷን እየመራ ወደ ጠርዟ አደረሳት።

«ብቻ በኢየሱስ ስም» አላት፣ «እንዳትወለውያት።»

ሳቀች፤ ስትስቅ እንባዋ አቼቶው ውስጥ ጠብ አለ። የስንት ዘመን ግራይንደር የሰነጣጠቀው ጣቷ እንደ እሳት ይለበልባት ጀመር፤ እሱ እጇን እስኪለቀው ድረስ ግን አላወጣችውም።